ስሙ ሌላ፣ ፈሳሹ ሌላ፦ የቤንዚንና የአኳራጅ ታሪክ ከካዛንቺስ ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



ገለጻዬን በአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። «ሉባንጃ» እና «ቤንዚን» የሚሉትን ሁለት ቃላት ምን ያገናኛቸዋል? አንዱ ቡና ሲፈላ ከከሰሉ ላይ የሚጨስ የዕጣን ስም ነው። ሌላው ከማደያ የሚቀዳ ነዳጅ ነው። እኔ ባደግሁበት በካዛንቺስ ሁለቱ ሽታዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ዕጣኑ ከሳሎን፣ ቤንዚኑ ከአጥር ጥጉ ከጎሚስታው በር። ሁለቱ ቃላት ከአንድ አባት የተወለዱ መሆናቸውን ያወቅሁት ግን ጎልምሼ መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው።

የታሪክ መምህር እንጂ የኬሚስትሪ ሊቅ አይደለሁም። ስለ ፈሳሾቹ ጠባይ የምናገረውን ከኬሚስትሪ ባልደረቦቼ ጠይቄ ተምሬያለሁ። ወደዚህ ርዕስ ያመጣኝ የስሞቹ ታሪክ ነው። በእጃችን ያሉት የፈሳሽ ነዳጅና የአሟሚ ስሞች በውስጣቸው ያለውን ነገር አይነግሩንም፤ የሚነግሩን የመጡበትን መንገድ ነው። ይህን አለማወቃችን ደግሞ ሰው ያቃጥላል፣ ሰው ይመርዛል።

ከሩቁ እንነሣ። የዐረብ ነጋዴዎች በመካከለኛው ዘመን ከሱማትራ ደሴት የሚያመጡትን መዓዛማ ሙጫ «ሉባን ጃዊ» ይሉት ነበር፤ «የጃቫ ዕጣን» ማለት ነው። ይህ ስም በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ዘንድ ሲሻገር «ሉባንጃ» ሆነ። ዛሬ በዚህ ስም በገበያ የሚሸጠው ሁሉ ከዚያው ዛፍ የተገኘ ነው ማለቴ አይደለም፤ የቃሉን መንገድ ብቻ ነው የምከተለው። ያው ስም በሜድትራንያን በኩል ወደ አውሮፓ ሲገባ ደግሞ የወደብ ሰዎች መጀመሪያው ላይ ያለውን «ሉ» የራሳቸው ቋንቋ መስተአምር መስሏቸው ቆርጠው ጣሉት። የቀረው «ባንጃዊ» በየቋንቋው እየተለወጠ «ቤንዞይን» ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1833 ኤይልሃርድ ሚትሸርሊህ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከዚህ ሙጫ የሚገኘውን አሲድ ከኖራ ጋር አሙቆ አንድ ጠረን ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ አገኘ። ፈሳሹንም በሙጫው ስም «ቤንዚን» አለው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ያንኑ ፈሳሽ ቀደም ብሎ፣ በ1825፣ ለመብራት ይውል ከነበረ ጋዝ ቅሪት ለይቶ አውጥቶት ነበር። ሊቢህ የተባለው ሌላው የጀርመን ሊቅ ደግሞ ስሙን አልወደደውምና «ቤንዞል» ይባል አለ። ፈሳሹ ስድስት የካርቦንና ስድስት የሃይድሮጅን አተሞች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት ውሁድ ነው። በዚህ ገለጻ ውስጥ እንዳይምታታብን እኔም «ቤንዞል» እለዋለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሆኖም በዚያው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ከመሬት የወጣ ድፍድፍ ዘይት ሲጣራ ቀላልና ተናኝ የሆነ ሌላ ፈሳሽ ተገኘ። ቅባት ያሟማል፣ ቆሻሻ ያነሣል፣ ቶሎ ይደርቃል። ቤንዞልን ስለሚመስል የጀርመን ነጋዴዎች «ቤንዚን» ብለው ሸጡት። በዚህ ጊዜ የሙጫው ስም ከሙጫው ጋር አንዳች ዝምድና በሌለው ነገር ላይ ተለጠፈ። ብዙ ሰው ቤንዚን የሚለው ስም ከመኪና ሠሪው ከካርል ቤንዝ የመጣ ይመስለዋል፤ ስሙ ግን ቤንዝ ከመወለዱ በፊት የነበረ ነው።

የቤንዝ ቤተሰብ በሌላ በኩል በታሪኩ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 የካርል ባለቤት ቤርታ ቤንዝ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ በባሏ መኪና ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎህ በተባለች ከተማ ቆማ የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነበር። ማደያ የሚባል ነገር አልነበረምና። መድኃኒት ቤቱ ፈሳሹን ይሸጥ የነበረው ለልብስ ማጽጃነት ነው። እንግዲህ ቤንዚን ነዳጅ ከመሆኑ በፊት አሟሚ፣ የእድፍ ማስለቀቂያ ነበር ማለት ነው። ዛሬ መካኒኮቻችን እጃቸውን በቤንዚን ሲታጠቡ ሳያውቁት ወደ ፈሳሹ የመጀመሪያ ሥራ ይመልሱታል።

ያ የመጀመሪያ ሥራ ብዙ እሳት አስነሥቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ የደረቅ እጥበት ቤቶች በቤንዚን እያጠቡ ደጋግመው ተቃጠሉ። በ1920ዎቹ የአትላንታው የልብስ እጥበት ባለሙያ ስቶዳርድ ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በቀላሉ የማይቀጣጠል ከነዳጅ የተጣራ አሟሚ እንዲዘጋጅ ጣረ፤ መሥፈርቱም በ1928 ወጣ። የመሥፈርቱ ዋና ነጥብ አንድ ቁጥር ነው፤ ፈሳሹ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚቀጣጠል ተን መስጠት የለበትም። በእኛ አገር በቀለም መሸጫ ሱቆች «አኳራጅ» ወይም «አኳራጃ» እየተባለ የሚሸጠው ፈሳሽ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የቂርቆስ ክፍለ ከተማ የስሞች ቤተ መዘክር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን «ላ ጋር» የሚለው የፈረንሳይኛ የጣቢያ ስም በእኛ አንደበት «ለገሃር» ሆኖ ቀረ። ካዛንቺስ ደግሞ የጣሊያን ወረራ ስም ነው። «ካዜ» ቤቶች ማለት ነው፤ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣሊያን ብሔራዊ ተቋም ምሕጻረ ስም ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት ዓመታት ለጣሊያን ሹማምንት የተሠሩት ቤቶች ስማቸውን ለሰፈሩ አወረሱት። ጣሊያኖቹ ሹማምንት ሄዱ፤ ተቋሙ ተረሳ፤ ስሙ ግን በታክሲ ረዳቶች አፍ ሲጠራ ኖረ።

የእጅ ሙያውም ቋንቋ እንዲሁ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ፣ ስቱኮ የምንለው ከጣሊያን ጋራዥና ግንባታ ወርሰን ነው። ናፍታና አኳራጅም ከዚያው መጡ። አኳራጅን ብንፈታው «አኳ» ውኃ፣ «ራጃ» ሙጫ ነው፤ «የሙጫ ውኃ» እንደ ማለት። ጣሊያኖች በጥንት ጊዜ በዚህ ስም የጠሩት ከጥድ ዛፍ ሙጫ የሚነጠረውን የቀለም ማቅጠኛ ነበር። ከነዳጅ የሚጣራው ርካሽ ፈሳሽ በኋላ መጥቶ የዛፉን ቦታ ወሰደ፤ ስሙንም ጭምር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቤንዚንም አኳራጅም በስማቸው ውስጥ ሙጫ አለ፣ በጣሳቸው ውስጥ ግን የለም። አኳራጅ በተለይ በስሙ ውስጥ ውኃ አለ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለእኔ ቤተሰብ ቀልድ አይደለችም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ በግቢያችን አንድ ቀለም ቀቢ ይኖሩ ነበር። «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ሙያውን በአዲስ አበባ ከቀሩ ጣሊያናውያን የተማሩ፣ በሥራቸው የተመሰገኑ፣ ለልጆች ከረሜላ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። ከሥራ የተረፋቸውን አኳራጅ በአምቦ ውኃ ጠርሙስ ገልብጠው በቡሽ ወትፈው ከመስኮታቸው ሥር ያኖሩት ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የአራት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ኳስ ሲያሳድድ ውሎ ጠምቶት ጠርሙሱን አገኘ። ፈሳሹ እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ጠርሙሱም የውኃ ነው። ልጁ የተሳሳተው ነገር አልነበረም።

ሁለት ጊዜ ጎንጭቶ መሳል ጀመረ። አያቴ ሮጠው ደረሱ፤ እንደሚያውቁት አደረጉ። ወተት አጠጡት፤ ጣታቸውን ጉሮሮው ከትተው አስታወኩት። እኔም ራሱን ደግፌ ይዤ ነበር። ሲያስታውክ ጎረቤቱ ሁሉ «ተመስገን፣ ወጣለት» አለ። ሌሊቱን ግን ትንፋሹ እያጠረ ከንፈሩ ጠቆረ። ሆስፒታል ተወስዶ ብዙ ቀን ተኝቶ ዳነ። ሐኪሙ ለአባቴ ከነገሯቸው አንዱ በጆሮዬ ቀርቷል፦ መጠጣቱ ብቻውን ይህን ያህል ባልጎዳው፤ የጎዳው ማስታወኩ ነው። ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ዓይናችንን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። እኛም ከረሜላቸውን አልቀበል አልን። ዛሬ በዚህ እድሜዬ በዚያ እምቢታ አፍራለሁ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ለዚያ ፈሳሽ የተገባ ዕቃና የተገባ ስም ያስተማራቸው ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ያሉት ነገር ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንደ አኳራጅ፣ ነጭ ጋዝና ቤንዚን ያሉ ፈሳሾች ቀጭንና ሾላኪ ናቸው። ሆድ ውስጥ ሳሉ ጉዳታቸው ብዙ ጊዜ መጠነኛ ነው። በትንታ ወይም በትውኪያ ጥቂት ጠብታ እንኳ ወደ ሳንባ ከገባች ግን በሳንባው ገጽ ላይ ተሠራጭታ ታቃጥለዋለች። ስለዚህ ልጅ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ከጠጣ ማስታወክ አይገባም፤ ወተትም ማርከሻው አይደለም። ልጁን ከነጠርሙሱ ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ ልለፍ። አንድ ፈሳሽ እሳት ቢቀርበው የሚቀጣጠል በቂ ተን መስጠት የሚጀምርበት ዝቅተኛ ሙቀት አለው፤ የተን መቀጣጠያ ሙቀት እንበለው። ለቤንዚን ይህ ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በማንኛውም የአዲስ አበባ ሰዓት፣ በሐምሌ ሌሊት እንኳ፣ ቤንዚን ሁልጊዜ ለመቀጣጠል ዝግጁ ነው። ተኑ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ በሌላ ክፍል ያለ የከሰል ምድጃ ጋ ሊደርስ ይችላል። ለነጭ ጋዝና ለአኳራጅ ደግሞ ቁጥሩ 38 ወይም ከዚያ በላይ ዲግሪ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ያስረዳኝና ያስደነቀኝ ነገር አለ። በጣሳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር በባሕር ወለል የአየር ግፊት የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊታችን የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ፈሳሹ ቶሎ ይተናል። በተለመደው የማስተካከያ ስሌት መሠረት የተን መቀጣጠያው ሙቀት እዚህ ስድስት ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ጣሳው 38 ቢልም ለእኛ 32 ነው። በጥላ ሥር ይህ ሙቀት በከተማችን ብርቅ ነው፤ ፀሐይ በመታው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ግን ብርቅ አይደለም።

የስሞቹ መዘበራረቅ አደጋ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ምሳሌዎች ልስጥ።

አንደኛው «ናፍታ» ነው። እኛ ከጣሊያኖች በወረስነው አጠራር ናፍታ የከባድ መኪና ነዳጅ ነው፤ በቀላሉ የማይቀጣጠል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ የአሟሚ ጣሳ ላይ ግን ያው ቃል ቤንዚንን የሚመስል ተናኝ ፈሳሽ ማለት ነው። ጣሳውን አንብቦ «ናፍታማ አይፈነዳም» ያለ ሠራተኛ ማንበቡ ራሱ ያሳስተዋል።

ሁለተኛው «ነጭ ጋዝ» ነው። ለእኛ ነጭ ጋዝ ላምባ ነው፤ የፋኖስና የቡታ ጋዝ ምድጃ ነዳጅ። ስሙን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብንመልሰው አሜሪካኖች ለድንኳን ምድጃ የሚሸጡት ሌላ ፈሳሽ ይሆናል፤ እርሱም የቤንዚን ዘመድ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚኖር ወገናችን የአያቱን ፋኖስ ለመለኮስ በስሙ ተማምኖ ቢገዛ በእጁ ያለው መብራት ሳይሆን ፈንጂ ነው። ለዚህ ግን አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን ውስጥ የተቀዳ ላምባ ጥቂት ቤንዚን ከተቀላቀለበት ጠባዩ የላምባ አይሆንም፤ በክፍል ሙቀት ተኑ ይቀጣጠላል። ሲያዩት ያው ነው፤ ስሙም ያው ላምባ ነው። ምድጃው ሲፈነዳ የምትቃጠለው ግን አጠገቡ ቆማ ወጥ የምትሠራው ሴት ናት።

ሦስተኛውና በዝግታ የሚገድለው «ቤንዚን» ራሱ ነው። በአማርኛ ነዳጁንም ንጹሑን ቤንዞልንም በአንድ ስም እንጠራለን። ቤንዞል የደም መፍለቂያ የሆነውን መቅኔ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1897 በስዊድን የብስክሌት ጎማ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ወጣት ሴቶች በዚሁ ምክንያት ደማቸው ተመናምኖ መታመማቸው ተመዘገበ። በ1970ዎቹ ሙዛፈር አክሶይ የተባሉ የቱርክ ሐኪም በኢስታንቡል የጫማ ሠሪዎችን ታሪክ አጠኑ። ሠራተኞቹ በጠባብ፣ አየር በማይገባባቸው ክፍሎች ቤንዞል ያለበት ማጣበቂያ ይጠቀሙ ነበር። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት 26 ሠራተኞች በደም ካንሰር ወይም በዋዜማው መያዛቸውን አስታወቁ። ዛሬ ቤንዞል የካንሰር መንሥኤ መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተረጋገጠ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2000 ጀምሮ በመኪና ቤንዚን ውስጥ ያለው መጠን ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ ደንግጓል።

ከመቶ አንድ ትንሽ ይመስላል። በየቀኑ እጁን እስከ ክርኑ በቤንዚን ለሚታጠብ የአሥራ ስድስት ዓመት ረዳት መካኒክ፣ ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ በአፉ ስቦ ለሚቀዳ ሾፌር ትንሽ አይደለም። ቆዳው ቅባቱን ያጣል፤ ይሰነጣጠቃል፤ በተሰነጠቀው በኩል የሚገባው ይገባል። ለእጅ ሳሙናና ውኃ፣ ለብረት ደግሞ አየር ባለበት ቦታ የሚሠራበት አኳራጅ ይሻላል። አኳራጅም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ሲተነፈስ ራስ ያዞራል፤ ለዓመታት ከተተነፈሰም ነርቭን ይጎዳል። ቀለም ቀቢው መስኮት የሚከፍተው ቀለሙ እንዲደርቅለት ብቻ መሆን የለበትም፤ ለራሱም ነው።

እንግዶቻችን፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ የቆዩ ቤቶች በብዛት ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። እኛ ያደግንበት ግቢም ከፈረሱት አንዱ ነው። ከመፍረሱ በፊት ከወንድሜ ጋር ሄደን አየነው። አሁን ጎልማሳ ነው፤ ያን ቀን አያስታውሰውም። እኔ ጠርሙሱ የነበረበትን መስኮት አሳየሁት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ እንዴት ሆኑ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወት የሉም፤ እድሜ ልካቸውን የተነፈሱት ነገር ድርሻ ይኑረው አይኑረው መርምሮ የነገረን የለም።

ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላም ስሙ እንዳለ ነው። ዛሬም ታክሲው «ካዛንቺስ» ይላል። የሰፈር ስም ይዘቱን ቢያጣ ከትዝታ በቀር የሚጎዳው የለም። የጣሳ ስም ግን ይዘቱን ሲያጣ ሰው ይሞታል። ቋንቋችንን ከውርስ ቃላት እናጽዳ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ አኳራጅ የእኛ ቃል ሆኗል፤ የባለሙያዎቻችን ላብ አለበት። የምለው ሌላ ነው። በአገር ውስጥ የሚሸጥ እያንዳንዱ አሟሚ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ምንነቱ፣ የተን መቀጣጠያ ሙቀቱ፣ ቤንዞል ያለበት ወይም የሌለበት መሆኑ ይጻፍበት። የሙያ ማሠልጠኛዎች ቀለም መቀባትን ሲያስተምሩ የጣሳውን ትርጉምም ያስተምሩ። የኬሚስትሪ መጻሕፍት አዘጋጆች ነዳጁንና ቤንዞሉን በሁለት ስም ይለዩልን። እያንዳንዳችን ደግሞ ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ከደረጃው ሥርና ከጓዳው ጥግ እንመልከት። በውኃ ጠርሙስ የተቀመጠ የማይጠጣ ነገር ካገኘን ወደ ራሱ ዕቃ እንመልሰው፤ ስሙን እንጻፍበት፤ ከልጅ እጅ እናርቀው።